አሮጌዋ ፔጆና የደጋው አየር

በሐረርና በድሬዳዋ ጎዳናዎች ለአሥርት ዓመታት በታክሲነት ያገለገለችውን ፔጆ 404 የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ ቅርጿን የነደፈላት የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ አቧራማና ጭቃማ መንገዶች ላይ ይካሄድ በነበረው የሳፋሪ ራሊ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ማሸነፏ ደግሞ የጥንካሬዋን ዝና በአህጉራችን አናኘው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተሳፋሪውና የዕቃው ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር የተዋሐደላት ስቴሽን ዋገን ተከተለች። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት ከ2.65 ሜትር ወደ 2.84 ሜትር የረዘመ ሲሆን፣ የቤተሰብ መኪና የተባለችው ዓይነት በሦስት ረድፍ ወንበር ሰዎችን ትጭን ነበር።

እኛ ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን የሰበታ፣ አንዳችን የቡራዩ፣ አንዳችን የሱሉልታ ነዋሪ ስንሆን ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከእነዚህ ስቴሽን ዋገኖች አንዷን ቡራዩ በሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ዶሮ ሰፍሮባት አገኘናትና በትርፍ ጊዜያችን ልናድሳት ተነሣን። ሐሳባችን ቀላል ነበር። መኪናዋን ፋብሪካው እንደሠራት አድርገን እንመልሳታለን፤ ከዚያም ትሄዳለች። ሥራው ግን ሌላ ነገር አስተማረን። ፋብሪካው መኪናዋን የነደፈው ለዝቅተኛ ቦታ አየር፣ ለዘመኑ ቤንዚንና ለዘመኑ ፍጥነት ነው። እኛ የምንነዳት ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ነው። ስለዚህ አሮጌ መኪና ማደስ ማለት ያረጀውን በአዲስ መተካት ብቻ ሳይሆን መኪናዋን ከምትኖርበት ምድር ጋር ማስታረቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማስታረቁን ሥራ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ አንጻር እንቃኛለን፤ የሠራነውንም ስሕተት አንደብቅም።

ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር

ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ቡራዩ በመካከላቸው ትገኛለች። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል፣ ማለትም ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ነው። ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በይዘት ያው ቢሆንም በክብደት ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ኦክስጅን ሲያንስ የሚቃጠለው ቤንዚንም ያንሳል። በመሆኑም ፋብሪካው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 72 የፈረስ ጉልበት ብሎ የመዘገበላት የ1,618 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር እኛ ዘንድ ከ55 ብዙም አይበልጥም። ይህ የእርጅና ጉድለት አይደለም። ሞተሩ ዛሬ ከፋብሪካ ቢወጣም ያው ነው።

ከጉልበቱ መቀነስ የከፋው ግን የድብልቁ መዛባት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ካርቡራቶር ቤንዚኑን የሚመጥነው አየሩን መዝኖ አይደለም። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ የሚፈጠረው የግፊት መቀነስ ቤንዚኑን በጂግለሩ ቀዳዳ በኩል ይስበዋል። አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ቤንዚን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በአየሩ ልክ አይቀንስም። ሒሳቡ እንደሚያሳየው የአየሩ እፍጋት ወደ 0.75 ሲወርድ ድብልቁ በ1 ሲካፈል የ0.75 ካሬ ሥር፣ ማለትም በ15 በመቶ ያህል በቤንዚን ይበዛል። ለባሕር ጠለል በ14.7 የተስተካከለ ካርቡራቶር በእኛ አገር ወደ 12.7 ይወርዳል ማለት ነው።

ምልክቶቹን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ካንዴላው ሲፈታ ጫፉ ጥላሸት ለብሷል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ቤንዚኑም ቶሎ ያልቃል። እኛም መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ሁለት ጊዜ ለወጥን፤ ሁለት ጊዜም ጠቆሩ። ጥፋቱ የካንዴላው እንዳልሆነ የገባን ሒሳቡን ስንሠራ ነው። መፍትሔው ቀዳዳው የጠበበ ጂግለር መግጠም ነበር። የቤንዚኑን መጠን በ13 በመቶ ለመቀነስ የቀዳዳውን ስፋት በዚያው ልክ፣ ዲያሜትሩን ግን በ7 በመቶ ያህል ብቻ ማጥበብ ይበቃል። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ተቃራኒውን ያደርጋል። «ጉልበት አነሳት» ብሎ ትልቅ ጂግለር ያስገባና ጭሱን ያበዛዋል። ጉልበት የቀነሰው ቤንዚን አንሶ ሳይሆን አየር ጎድሎ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

ውሃው ለምን ቀድሞ ይፈላል?

ከአስኮ ወደ ቡራዩ ስንመለስ በመኪና መጨናነቅ መካከል የራዲያተሩ ውሃ ፈላ። የመጀመሪያው ምክንያት የ404 የራሷ ጠባይ ነው። ማራገቢያዋ ሁልጊዜ ከሞተሩ ጋር አይዞርም፤ ውሃው ሲሞቅ በኤሌክትሮማግኔት ኃይል ይያያዛል፤ ሲቀዘቅዝም ይላቀቃል። በዘመኑ የነዳጅ መቆጠቢያ ብልሃት ነበር። በእኛዋ መኪና ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ሽቦ ተበጥሶ ስለነበር ማራገቢያው ፈጽሞ አይያያዝም ነበር።

ሽቦው ከተጠገነ በኋላም ግን ሙቀቱ ከሚገባው በላይ ነበር። እዚህ ላይ ከፍታው እንደገና ይመጣል። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከከባቢው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። በ76 ኪሎ ፓስካል ግፊት ይህ የሚሆነው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። በደጋ ባቄላ ለመቀቀል ለምን ብዙ ጊዜ እንደሚወስድ ይህ ያስረዳል። የራዲያተር ክዳን ውስጥ ያለችው ሞላ እንፋሎቱን አፍና ግፊቱን ትጨምራለች። ክዳኑ 30 ኪሎ ፓስካል ቢጨምር ድምሩ 106 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ ውሃውም እስከ 101 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኗ የደከመች ወይም በጨርቅ የተተካች መኪና ግን ይህን የ9 ዲግሪ ዋስትና አጥታለች። በእኛዋ መኪና የክዳኗ ሞላ ዝጋ ነበር።

የሞተሯ ብሎክ ብረት፣ ቴስታታዋ ደግሞ አሉሚኒየም መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሞተሩ ከመጠን በላይ በጋለ ቁጥር ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይጎዳል፤ ቴስታታውም ይጣመማል። ሲሊንደሮቿ ካሚቻ በሚባሉ ተነቃይ ቱቦዎች የተሠሩ ሲሆን ውሃው ካሚቻዎቹን በቀጥታ ያገኛቸዋል። ይህ ለጥገና ምቹ ነው፤ ያለቀውን ካሚቻ አውጥቶ ሌላ ማስገባት ይቻላልና። ነገር ግን ከወንዝ የተቀዳ ውሃ በዙሪያቸው ዝቃጭና ዝገት ያከማቻል። ስለዚህ ዝገት የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ ቅንጦት ሳይሆን የሞተሩ ዕድሜ ነው።

ቁልቁለቱና ፍሬኑ

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተታችን ደርሰናል። ሞተሩ ከተስተካከለ በኋላ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ፍሬኑንም «ይይዛል» ብለን በዚያው ተውነው። አንድ ቅዳሜ አምስት ሰውና ዕቃ ጭነን ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ከእንጦጦ ሸንተረር በኋላ ቁልቁለቱን በአራተኛ ማርሽ፣ እግራችን ከፍሬኑ ሳይነሣ ወረድን። አዲሱ ገበያ ስንቃረብ ፔዳሉ ልል ሆነ፤ ሁለተኛ ሲረገጥ ወለሉን ነካ። በእጅ ፍሬንና በሁለተኛ ማርሽ ታግለን መኪናዋን በመንገዱ ዳር አቆምናት። ማንም አልተጎዳም። ፊት ለፊታችን ግን የቆመ ታክሲ ነበር፤ በታክሲውና በእኛ መካከል የቀረው ርቀት ከአንድ መኪና ርዝመት አይበልጥም ነበር።

ምን ሆነ? ከነጭነቷ 1,600 ኪሎ ግራም ናት እንበል። 300 ሜትር ከፍታ ስትወርድ የምትለቀው ኃይል 1,600 በ9.8 በ300 ሲባዛ 4.7 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ኃይል አይጠፋም። በሞተሩ ካልተያዘ አብዛኛው በፍሬኑ ሙቀት ይሆናል። የአራቱም ጎማ ታምቡሮች ክብደት በድምሩ 28 ኪሎ ግራም ቢሆንና ሙቀቱ በሙሉ እነርሱ ዘንድ ቢቀር ሙቀታቸው በ365 ዲግሪ ይጨምራል። በእርግጥ ነፋሱ ከፊሉን ይወስደዋል፤ ሆኖም በደጋው ስስ አየር የሚወስደው ያነሰ ነው።

ከዚህ ሙቀት ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከፍሬን ሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም የበለጠ መረገጥ አለበት። ሁለተኛ፣ ሸራው ራሱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሦስተኛውና ድንገተኛው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ሊቆይ ይገባዋል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት ግን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ስለዚህ እግር የሰጠው ግፊት ጎማው ዘንድ ሳይደርስ አረፋውን በመጭመቅ ያልቃል። በእኛዋ መኪና ውስጥ የነበረው ዘይት ስንት ዓመት እንደቆየ እግዚአብሔር ይወቀው፤ ቀለሙ ቡና መስሎ ነበር።

የሱሉልታው መንገድ ወደ ጎጃም ሲቀጥል ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚያ ላይ ይህችው መኪና የምትለቀው ኃይል 22 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ከ70 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ በእኛ ደጋ ለማፍላት ይበቃል። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ምክር የዚህ ሒሳብ አጭር መልስ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል፤ ሙቀቱም ለዚሁ በተሠራው ራዲያተርና በማርሚታው በኩል ይወጣል።

ከዚያ ቀን በኋላ የሥራ ቅደም ተከተላችንን ገለበጥነው። ሞተሩን ትተን ፍሬኑን ከሥሩ ፈታን። ታምቡሮቹን ቶርኖ ቤት ወስደን አስተካከልን፤ ሸራውን፣ የጎማ ቱቦዎቹንና የውስጥ ላስቲኮቹን በሙሉ ለወጥን፤ ዘይቱንም በአዲስ ተካን። በዘመኗ እንደነበሩት ብዙ መኪኖች የፍሬኗ መስመር አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ቱቦ ከተቀደደ አራቱም ጎማዎች ያለ ፍሬን ይቀራሉ። የፊትና የኋላ ጎማዎችን ለየብቻ የሚያገለግል ባለ ሁለት ክፍል ፓምፕ መግጠም ለአሮጌ መኪና ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ ዋነኛው ነው ብለን እናምናለን። ቀጥሎ የፊት ዲስክ ፍሬን ይመጣል፤ ዲስክ ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ሦስተኛው የደህንነት ቀበቶ ነው። ፍጥነት ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨምር የፍጥነቱ ጭማሪ ሲሶ ቢመስልም ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል በ78 በመቶ ይጨምራል። ስለሆነም የሞተር ጉልበት ከመጨመር በፊት የማቆም ኃይል መጨመር የግድ ነው።

ቤንዚኑም ተለውጧል

መኪናዋ በተሠራችበት ዘመን ቤንዚን ሊድ ይጨመርበት ነበር። ሊድ ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ይከላከላል፤ ቅሪቱም በቫልቮላና በመቀመጫው መካከል እንደ ስስ ትራስ ያገለግላል። ነገር ግን የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ በመሆኑ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ በተስማሙት መሠረት እስከ 2006 መግቢያ ድረስ አስወገዱት። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያም እ.ኤ.አ. በ2021 ሽያጩን አቆመች። ለጤናችን ታላቅ ድል ነው። ለአሮጌ ሞተር ግን ለስላሳ የቫልቮላ መቀመጫ ቀስ በቀስ ይበላል ማለት ነው። ቴስታታው በተፈታ ጊዜ ጠንካራ መቀመጫ በቶርኖ አስገብቶ ማስገጠም ነገሩን ለዘለቄታው ይፈታዋል።

ሁለተኛው ለውጥ ከሱሉልታ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል በ5 በመቶ መጠን ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የተጀመረው በሱሉልታ ነበር፤ በ2011 መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኤታኖል ውሃ ይስባል፤ የድሮ የተፈጥሮ ላስቲክ ቱቦዎችንም ያብጣል፣ ያሰነጥቃልም። ለረጅም ጊዜ በቆመች መኪና ውስጥ ደግሞ የሰልባቲዮውን ዝገት ያጥብና ወደ ካርቡራቶሩ ይወስዳል። ስለዚህ ኤታኖል በቤንዚን ውስጥ ኖረም አልኖረም፣ ያረጁ የነዳጅ ቱቦዎችን አልኮል በሚችሉ ቱቦዎች መተካት ብልህነት ነው። ከሞተር ግለት አጠገብ የምትንጠባጠብ አንዲት ጠብታ ቤንዚን መኪናና ሰውን ልታጠፋ ትችላለች።

ላሜራና ስቱኮ

በዚህ ሁሉ መካከል የሰው ዓይን የሚያየው ቀለሙን ነው። ዝገት ከተወለደበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያነሣዋል። ስቱኮ ቀብቶ ማለስለስ በአንድ ቀን ያምራል፤ እርጥበቱ ግን ከሥር ይቀራል። በስቴሽን ዋገን ላይ በተለይ የጀርባ በር ሥርና ሦስተኛው ወንበር የሚታሰርበት ወለል መመርመር አለበት፤ ጭነቱ የሚያርፈው በዚያ ነውና። የበሰበሰው ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። የጎደሉ ዕቃዎችን ለመፈለግ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ መንከራተታችን ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ካሚቻ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት የጣሊያንኛ ቃላት ዛሬም በጋራዦቻችን እንደሚኖሩ ሁሉ፣ በመጽሐፍ ያልተጻፈ እውቀትም በአንጋፋ መካኒኮች እጅ ውስጥ ይኖራል።

ማሻሻል እስከ ምን ድረስ?

ፑንቲና የሚባለው የእሳት ማከፋፈያ መገናኛ በኤሌክትሮኒክስ ቢተካ እሳቱ የተስተካከለ ይሆናል። ዲናሞ በአልተርኔተር ቢተካ ባትሪው በዝግታ በምንነዳበት ጊዜም ይሞላል። እነዚህ ርካሽና ጠቃሚ ናቸው። ሞተሩን በሌላ ትልቅ ሞተር መተካት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬ ላይ ስለተመዘገበ ሕጋዊ ሂደት ይጠይቃል፤ ፍሬኑና ካንቢዮውም አብረው መታሰብ አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ የራቀ አማራጭም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። አሮጌዋን ፔጆ በኤሌክትሪክ ሞተር ማንቀሳቀስስ? የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ በሱሉልታም ሆነ በባሕር ጠለል ጉልበቱ አንድ ነው። ቁልቁለት ሲወርድም ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። በዓባይ ቁልቁለት ከሚለቀቀው 22 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ፣ ግማሹ ቢመለስ መኪናዋን በለጥ ያለ መንገድ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይነዳታል። በአንጻሩ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 200 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ዋጋውም ከመኪናዋ ይበልጣል። እኛ ለጊዜው በሒሳቡ ተወስነናል። ይህን የሚያነብ የምሕንድስና ተማሪ ግን ከዚያ አልፎ ሊሄድ ይችላል።

መኪናዋ ዛሬ ከቡራዩ ሰበታ፣ ከሰበታ ሱሉልታ ትመላለሳለች። ዳገቱን በዝግታ ትወጣለች፤ ከኋላ የሚመጡት ክላክስ ያሰማሉ፤ እኛም መንገድ እንለቃለን። ከሸንተረሩ ጫፍ ስንደርስ ግን አንድ ልማድ አለን። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ እናስገባለን፤ ፍሬኑን አንድ ጊዜ እንሞክራለን፤ ከዚያም እንወርዳለን። ወጣት አንባቢያን ሆይ፣ በሠፈራችሁ ግቢ የቆመች አሮጌ መኪና ካለች ከቀለሟ ሳይሆን ከፍሬኗ ጀምሩ። የክፍል ውስጥ ፊዚክስ በእጃችሁ ላይ በቅባት ተለውሶ ታገኙታላችሁ።